ትከሻው ላይ የቀረው እጅ

ይህን ታሪክ ዛሬ ከመሀሉ ለምትቀላቀሉኝ አንባቢዎች ሁለት ቃል ልበልና እንግባ። ጭምት እያልን የምንጠራት ልጅ በአንድ ፎቶ ቤት ሪታች ሠሪ ናት። ፎቶ ተነስታችሁ በሦስተኛው ቀን ስትቀበሉት ብጉራችሁ ጠፍቶ፣ የዓይናችሁ ሥር ጥቁረት ለቆ፣ የተንጋደደ ኮሌታችሁ ቀጥ ብሎ ካገኛችሁት ካሜራው ያደረገው እንዳይመስላችሁ። መስኮት ሥር የተቀመጠች፣ አንድ ዓይኗ ላይ ማጉያ መነጽር የሰካች፣ ቀጭን ብሩሽና ምላጭ የያዘች ልጅ አለች። የተፋቱትን ከአንድ ፎቶ ላይ ትለያያለች፣ ተራርቀው የሚኖሩ ወንድማማቾችን ጎን ለጎን ታቆማለች፣ ለራሰ በራው ጠጉር ታበቅልለታለች። ቆብ ማውለቅ ደግሞ የእሷ ብቻ ሙያ ነው። ቆብ የደፋ ሰው ፎቶ ስጧትና ቆቡን ፍቃ፣ ግንባሩንና ጠጉሩን ከራሷ ስላ ትመልስላችኋለች። በከተማው ይህን የሚችል ሌላ ሰው የለም። አዬ ሙያ! ያን ሰሞን ጉድ የሠራትም እሱው ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ጋሽ አትነቃነቅ ገና የመስታወቱን በር እየወለወለ ነው። ጋሽ አትነቃነቅ የፎቶ ቤቱ ባለቤት ሲሆን፣ አርባ ዓመት ሙሉ ‹አትነቃነቅ... አለቀ!› ሲል ኖሮ እናቱ ያወጣችለት ስም ተረስቶ ይኼኛው ቀረ። ሙሉ ጥቁር የለበሱ፣ አንገታቸውን ቀጥ ያደረጉ አንዲት ሴት ገቡ።

«ቆብ ታወልቃለች የተባለችው ልጅ እዚህ ናት?» አሉ።

«እዚህ ናት እሜቴ። ቆብ ብቻ መሰለዎት? ዘውድም ቢሆን ታወልቃለች» አለና ሊስቅ ሲል ጥቁሩን ልብስ አይቶ ሳቁን ዋጠው።

ሴትየዋ ከቦርሳቸው ፖስታ አውጥተው፣ ከፖስታው ውስጥ መዳፍ የምታክል ፎቶ አውጥተው ጭምት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። ወጣት ወታደር ነው። ቆቡን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ፣ ሳቅ ሊያመልጠው ሲል ከንፈሩን ገጥሞ ይዟል። ግራ ትከሻው ላይ የሴት እጅ አርፏል። ከእጁ አንጓ ወዲያ ፎቶው በመቀስ ተቆርጧል፤ ሴትየዋ የለችም፣ እጇ ብቻ ቀርቷል።

ጭምት ክው አለች። ትንሿ ጣት ወደ ውጭ የጎበጠች፣ የአውራ ጣቱ ጥፍር ሥር ቀለም የገባበት ያ እጅ የራሷ ነው። ፎቶውን ልታነሳ የዘረጋችውን ቀኝ እጇን ሰብስባ ጠረጴዛው ሥር ደበቀችው።

«ልጄ ነው» አሉ ሴትየዋ። «አንዱ ልጄ። እግረኛ ጦር ውስጥ ነበር። አራት ወሩ ነው።»

«ነፍስ ይማር» አለ ጋሽ አትነቃነቅ። ፎቶውን አጎንብሶ አየና ዓይኑ ቀስ ብሎ ወደ ጭምት ሄደ። ይህን እጅ አራት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊቱ ሲሠራ አይቶታል። የበሩን መወልወያ ጨርቅ ማጣጠፍ ጀመረ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኼ ነው።

«ሳሎን የሚሰቀል ትልቅ ፎቶ ነው የምፈልገው። ቤት ያሉት ሁሉ የልጅነቱ ናቸው፤ ካደገ ወዲያ ፎቶ ጠላቱ ነበር። ከጓዙ ጋር የመጣልኝ ይኼ ብቻ ነው። ቆቡን አውልቁልኝ። እኔ በቆብ አላውቀውም። ያንንም እጅ አጥፉልኝ።»

ጭምት ዝም ማለት ነበረባት። አልቻለችም።

«የማን እጅ ነው እትዬ?»

«እኔንጃ ልጄ። አይቻት አላውቅም። ከልጄ ያጣላኝ እጅ ነው» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለማንም ሳይሆን ለጠረጴዛው የሚናገሩ ይመስል፣ «አንድ ቀን ፈቃድ ቢሰጡት ኖሮ ይመጣልኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልሰጡትም። ሳልታረቀው ቀረሁ» አሉ።

ጭምት «እሺ፣ እናጠፋዋለን» አለች። ሌላ ምን ትበል? ሴትየዋ ሲወጡ ጀርባቸውን እያየች፣ ሰው በሕይወት እያለ እንዴት ከዓለም እንደሚፋቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባት።

* * *

በሩ እንደተዘጋ ጋሽ አትነቃነቅ ፎቶውን ብድግ አደረገው።

«ይኼን አንቺ አትነኪውም። እኔው እሠራዋለሁ።»

«እርስዎ ብሩሽ ሲይዙ እጅዎ ይንቀጠቀጣል ጋሼ።»

«ይንቀጥቀጣ! ከኔ መንቀጥቀጥና ካንቺ መሰበር የቱ ይሻላል?»

«ይስጡኝ» አለች። «እጄ መቆረጡ ካልቀረ ራሴ እቆርጠዋለሁ።»

ጋሽ አትነቃነቅ ፎቶውን መለሰላት። ጠዋት ያጸዳውን ሌንስ እንደገና ማጽዳት ጀመረ።

የፎቶውን ወታደር፣ ሎጋውን፣ ያወቀችው በዚሁ ጠረጴዛ ነው። ሎጋው ስሙ አይደለም፤ ቁመቱን አይታ ያወጣችለት ነው። ጦርነቱ የወጣቱን ሁሉ በር በየተራ ሲያንኳኳ የሱም ተራ ደርሶ፣ ለወታደርነት መዝገብ አራት ጉርድ ፎቶ ሊነሳ መጣ። እሷም እንደ ልማዷ ፊቱን አጽድታ ሰጠችው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ከፊቷ ተገተረ።

«ጠባሳዬን የት አደረግሽው?»

«የምን ጠባሳ?»

«ይቺን!» አለና ጠጉሩን ወደ ላይ ገፋ። ከጠጉሩ ሥር ወደ ቅንድቡ የወረደች፣ ትንሽ ጠመም ያለች ቀጭን መስመር ነበረች። «አሥራ አራት ዓመቴ ላይ የትምህርት ቤት ደወል ነው የመታኝ። እናቴ ዳይሬክተር ናት፤ ደወሉን ልሰርቅ ወጥቼ ነው። አሁን ነገ ብሞት በምን ትለየኝ?»

«ሟርተኛ! መቁረጥስ ምላስህን ነበር!» አለችው። ሳቀ። ጠባሳውን አራቱም ፎቶ ላይ አንድ በአንድ መለሰችለት፣ እሱም በመስኮቱ ተደግፎ ስትሠራ ሲያያት አመሸ። ስትጨርስ «ሁለተኛ እንዳትነኪብኝ» አላት። «አልነካም» አለችው። ቃል የገባችለት የመጀመሪያው ነገር ይኼ ነው። አራቱም ፎቶ ከማመልከቻው ጋር ገቡ፤ ኔጌቲቩም እንደ ደንቡ ዓመቱ ሲሞላ ተጣለ። ፍቅሩ ግን ቀረ።

ደብዳቤዎቹ! ስንቴ ሳቀችባቸው። «ትናንትና ዛሬ አርባ ኪሎ ሜትር በእግራችን ሄድን» ብሎ ጻፈላት አንዴ፤ «የደረስንበት ቦታ ከተነሳንበት ጋር ቁርጥ አንድ ነው። እየዞርን ይሆናል የሚል ጥርጣሬ አለኝ፣ አለቃችንን የሚጠይቀው ደፋር ግን ጠፋ።» በሌላኛው ግን አልሳቀችም። ስለሷ ለእናቱ ጽፎ ነበርና የእናቱን መልስ ደብቆ መያዝ አቅቶት ላከላት። ጭምት አባቷ የማይታወቅ፣ እናቷ የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ናት። «ያቺን ልጅ ይዘህ ከመጣህ በሩ ዝግ ነው» ይላል፣ በዳይሬክተር ቀጥ ያለ የእጅ ጽሑፍ።

አሁን እንግዲህ ጭምት የምታውቀውን፣ ሴትየዋ የማያውቁትን እናንተም እወቁት። ፈቃድ ተሰጥቶታል። ሦስት ቀን። «እናቴ ዘንድ አብረን እንግባ» ብሎ መጣ። ጭምት «ሳልጠራ አልሄድም» አለች፣ እሱም «ያላንቺ አልገባም» አለ። ሁለት እልኸኛ ተገናኝቶ! ጓደኛው ቤት እያደረ ቀኑን ከእሷ ጋር ሲዞር ሦስቱ ቀን እንደ ዋዛ አለቀ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ወደ አውቶቡስ ተራ ሲሄዱ መንገዱን አዙሮ በእናቱ ደጅ አሳለፋት። እናቱ በረንዳው ላይ ነበሩ። ሎጋው የግቢውን በር መቀርቀሪያ ያዘ። «ይቺ ወደ ላይ ካልተነሳች አትከፈትም። እማዬ በየዓመቱ ላሠራት ነው ትላለች» አለና ሳያነሳት ቆመ። ጭምት «ግባ» አለችው። «ከገባሁ አልወጣም» አለ። «በሚቀጥለው ፈቃድ ሁለታችንም እንገባለን።»

አውቶቡስ ተራ በር ላይ አንድ የመንገድ ፎቶ አንሺ አነሳቸውና እዚያው አጥቦ ሰጣቸው። አንድ ፎቶ ብቻ ነበር። ከቦርሳዋ ያወጣችውን መቀስ ተቀብሎ ለሁለት ሲቆርጠው እጇን ከራሱ ጋር አስቀረው። «እጄስ?» ብትለው፣ «እሱን አልሰጥሽም። ስመለስ እናጣብቀዋለን፤ መቼም መጠገን ታውቂያለሽ» አላት። ከሰባት ሳምንት በኋላ ጉርድ ፎቶ ሊነሱ የመጡ ሁለት መምህራን ተራ ሲጠብቁ «የዳይሬክተራችንን ልጅ መርዶ ሰማሽ?» ሲባባሉ ሰማች። ብሩሹ ከእጇ አልወደቀም። የያዘችውን የሰው ቅንድብ ስላ ጨረሰች፣ ከዚያ ጨለማ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች።

* * *

ዳይሬክተሯ ዓርብ ተመልሰው መጡ። ጭምት ጠጉሩን ለመሳል ሌላ ፎቶ ስጡኝ ብላ ልካባቸው ስለነበር የስምንት ዓመት ልጅ ሆኖ የተነሳውን ይዘው ነው። ግንባሩ ሙልጭ ያለ ነው፤ ደወሉ ገና አላገኘውም። ከፖስታው ውስጥ ከፎቶው ጋር ያልተከፈተ ደብዳቤ ተንሸራትቶ ወደቀ። ጭምት አንስታ ሰጠቻቸው።

«የኔው ነው» አሉ። «የመጨረሻው የጻፍኩለት። ሳይከፍተው ተመለሰልኝ።» ደብዳቤውን ለረጅም ጊዜ አዩት። «ያቺ ልጅ ሐዘኔ ላይ ትመጣለች ብዬ ነበር። ያን ሁሉ ሕዝብ ሲገባ ሲወጣ አንድ የማላውቃት ወጣት ሴት በበሩ ትገባ እንደሆነ ዓይኔን አልነቀልኩም። አልመጣችም። ከወደደችው እንዴት አንድ ቀን ትቀራለች? እንግዲህ እኔም ግድግዳዬ ላይ እጇን ምን አደርገዋለሁ?»

ጭምት ማጉያ መነጽሯን ዓይኗ ላይ ሰካች፤ የምታየው ነገር ስላለ አይደለም፣ እንባዋን ለመደበቅ ነው። መጥታለች እኮ! ጥቁር ሻሿን አስራ እስከ በሩ ሄዳለች። ግን ምን ብላ ትግባ? ‹የሟች ምኑ ነሽ?› ቢሏት ምን ትመልስ? መቀርቀሪያውን አይታ ተመለሰች። ይህንን ለመናገር አፏ እስኪከፈት ደርሶ ነበር፣ ግን በሩ ላይ መምጣቷን ከተናገረች ከሱ ጋር የመጣችውንም መናገር ሊኖርባት ነው። ‹ልጅዎ ፈቃድ ነበረው፣ ሦስቱንም ቀን እኔ ጋ ዋለ› ተብሎ ለእናት ይነገራል? ዝም ብትል ደግሞ እሷ የለችም፣ ኖራም አታውቅም። በሁለት በኩል እሳት ሆነባት።

* * *

እጁን የፋቀችው ሰኞ ዕለት ነው። ከትንሹ አጉልታ ባተመችው ትልቅ ፎቶ ላይ መጀመሪያ የጎበጠችውን ትንሿን ጣት በምላጭ ጫፍ ላጠች። ከዚያ ሌሎቹን። ከዚያ በሳሳው ወረቀት ላይ የመለዮውን ጨርቅ ክር በክር ሳለችበት። ጋሽ አትነቃነቅ ሻይ አምጥቶ አጠገቧ አስቀመጠ፣ ሻይው ቀዘቀዘ፣ ሌላ አመጣ፣ እሱም ቀዘቀዘ። ከሰዓት ላይ ትከሻው ማንም ነክቶት የማያውቅ ትከሻ ሆነ።

ቆቡን ማክሰኞ አወለቀች። ጠጉሩን ከልጅነቱ ፎቶ አየች ቢባልም አላየችም፤ ጠጉሩን ታውቀዋለች። ስትሠራ ለራሷ ያለፈውን ትናገር ነበር፣ ደብዳቤዎቹን በቃሏ ትወጣቸው ነበር። ስትጨርስ ሎጋው ቆቡን አውልቆ ሊስቅ ሲል ከፊቷ ተቀምጧል። «እንዲህ ነበርክ» አለችው፤ ጋሽ አትነቃነቅም ሁለቱን ፎቶ አስተያይቶ «ቁርጥ እሱን!» አለ። የሠራችውን ስህተት ሁለቱም አላዩም። አንዳንድ ነገር ለእጅ እንጂ ለዓይን አይታወቅም።

ዳይሬክተሯ ረቡዕ መጡ። ጋሽ አትነቃነቅ ፎቶውን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ጨርቁን ገለጠላቸው። ቀረብ አሉ። ጓንታቸውን አውልቀው ጣታቸውን ወደ ልጃቸው ፊት ሰደዱና ግንባሩ ላይ አቆሙት።

«ይህን ማን ነገረሽ?» አሉ።

ጭምት ጎንበስ ብላ አየች። ከጠጉሩ ሥር ወደ ቅንድቡ የወረደች፣ ትንሽ ጠመም ያለች ቀጭን መስመር። ስትስላት ትዝ አይላትም። ቃል ገብታ ነበርና እጇ ቃሏን ጠብቋል።

«እሜቴ፣ የወረቀቱ ጭረት ይሆናል፣ አሁኑኑ እናጠፋዋለን» አለ ጋሽ አትነቃነቅ ነገሩ ገብቶት።

«ዝም ይበሉ ጌታው!» አልጮኹም፤ ሦስት መቶ ልጅ ቀጥ የሚያደርግ ድምፅ ግን አላቸው። «በስምንት ዓመቱ ይህ ጠባሳ የለም። በዚያኛው ፎቶ በቆብ ተሸፍኗል። አንቺ ከየት አመጣሽው?»

ጭምት ቀኝ እጇን ወደ ጠረጴዛው ሥር ሳበች። የዳይሬክተሯ ዓይን ከፊቷ ወረደ፣ ወደ ክንዷ ሄደ፣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ቆመ።

«እጅሽን አሳዪኝ። ቀኝ እጅሽን።»

ጭምት እጇን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። ዳይሬክተሯ ትንሹን ፎቶ ከጎኑ አስቀመጡት። የጎበጠች ትንሽ ጣት፣ የጎበጠች ትንሽ ጣት። ቀለም የገባበት ጥፍር፣ ቀለም የገባበት ጥፍር።

«አንቺ ነሽ» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«የገዛ እጅሽን ነው ስትፍቂ የከረምሽው?»

«አጥፉልኝ አሉ እኮ እትዬ።»

«ምነው ሐዘኔ ላይ ቀረሽ? ምነው አንድ ቀን?»

«በሩ ድረስ መጥቻለሁ» አለች ጭምት። ከዚህ በኋላ ማቆም እንደማትችል ታውቃለች። «ሁለት ጊዜ ነው የመጣሁት። የመጀመሪያው ከሱ ጋር ነው።»

«ከማን ጋር?»

«ፈቃድ አግኝቶ ነበር። ሦስት ቀን።»

የዳይሬክተሯ ፊት አመድ መሰለ። «ዋሽተሻል» አሉ። ጭምት ግን ተናገረች፤ እልሁን፣ ሦስቱን ቀን፣ መቀርቀሪያውን፣ ሁሉንም።

«ግባ አልኩት። ግን እውነቱን ልንገርዎ፤ ከአንገት በላይ ነው ያልኩት። አውቶቡሱ ሊነሳ ሁለት ሰዓት ቀርቶት ነበር፣ ሁለቱን ሰዓት ለራሴ ፈለግኋቸው። ከልቤ ግባ ብዬው ቢሆን ይገባ ነበር። እኔ ነኝ የቀማሁዎት። ይኸውልዎ፣ ይርገሙኝ።»

ዳይሬክተሯ ቦርሳቸውን አነሱ። ወደ በሩ ሄዱ። እጃቸው በሩን እንደያዘ ቆሙ። ጋሽ አትነቃነቅ ከነጨርቁ ደርቆ ቀርቷል፤ በዚያ ክፍል ውስጥ አንድም ሰው አልተነቃነቀም።

«ምን አደርግ ነበር?» አሉ ጀርባቸውን እንደሰጡ።

«አቤት?»

«ሲያየኝ። ያን ጊዜ። ምን አደርግ ነበር?»

«የፈተና ወረቀት ያርሙ ነበር» አለች ጭምት። «ቀይ እስክሪብቶ ጆሮዎ ላይ ሰክተው ጠረጴዛው ላይ ቀይ እስክሪብቶ ይፈልጉ ነበር። ከዚያ አንዱን ወረቀት አንስተው ‹ወይ ጉድ! ይህም መልስ ሆኖ!› ብለው ብቻዎን ሳቁ። እሱም ሳቀ። ‹አየሻት? ዜሮ ልትሰጠው ትልና ታዝንለትና ሁለት ትሰጠዋለች› አለኝ።»

«ሳቀ?»

«ሳቀ። ዓይኑ ግን እንባ ሞልቶ ነበር።»

«ተቀይሞኝ አልነበረም?»

«‹ቂሜ መንገድ ላይ አለቀ፣ አሁን የቀረኝ እልህ ብቻ ነው› ነው ያለኝ።»

ይህን ጊዜ ያ ቀጥ ያለ አንገት ሰበር አለ። አራት ወር ሙሉ ሰው ፊት ያላለቀሱ ሴት፣ ለጉርድ ፎቶ ደንበኞች በተቀመጠው በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ። «መጥቷል» ይላሉ። «ልጄ መጥቷል። እኔ ነኝ ቀና ብዬ ያላየሁት።» ጭምት አጠገባቸው ተንበረከከች። ልትነካቸው ፈራች፤ ከዚያ ፍርሃቷን ትታ እጇን ትከሻቸው ላይ አኖረች፣ እሳቸውም አላራቁትም።

ሲረጋጉ ያልተከፈተውን ደብዳቤ ከቦርሳቸው አወጡ።

«ክፈችው። አንብቢልኝ። የጻፍኩትን አውቀዋለሁ፤ በሌላ ሰው አፍ ልስማው።»

ጭምት በምላጯ ጠርዙን ቀደደችው። የተጻፈበት ቀን ሎጋው በሩ ላይ ከቆመበት ሦስት ቀን በኋላ ነው።

«ልጄ ሆይ፣ ያለፈውን ስጽፍልህ ሩቅ ስለሆንክ ደፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ካንተ ወንበር ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠን ስንፋጠጥ ከረምን፣ ወንበሩ አሸነፈኝ። ልጅቱን ይዘሃት ና። የማን ልጅ እንደሆነች አልጠይቃትም። ምን መብላት እንደምትወድ ብቻ ጽፈህ ላክልኝ። መቀርቀሪያው ዛሬም ያስቸግራል፣ ስትገቡ ወደ ላይ ማንሳት እንዳትረሳ። እናትህ።»

‹ሳልጠራ አልሄድም› ብላ ነበር ጭምት። ተጠርታ ነበር እኮ! ወረቀቱን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው፣ ለቅሶዋም ያን ጊዜ ወጣ። አሁን ደግሞ ሴትየዋ ናቸው «ይብቃሽ ልጄ፣ ይብቃሽ» የሚሉት።

«ቀሪው ግማሽ የታለ?» አሉ ቆይተው።

ጭምት ከመሳቢያዋ አወጣችው፤ ቀኝ እጇ ከአንጓው የተቆረጠባት፣ ፀሐይ ዓይኗን ያጨናበሳት ሴት። ዳይሬክተሯ ሁለቱን ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ ገጣጠሙ። ሲያዩዋት ቆዩና «ለካ እንዲህ ነሽ» አሉ። ከዚያ ወደ ትልቁ ፎቶ ዞሩ፣ ባዶውን ትከሻ አዩ።

«እጁን መልሺው።»

«እትዬ፣ የተፋቀ አይመለስም። ከትንሹ ፎቶ እንደገና አጉልቼ ከመጀመሪያው ልጀምር ነው። ሳምንት ይፈጃል።»

«ይፍጅ። ከእንግዲህ የሚያስቸኩለኝ ሰው የለም» አሉ። ጓንታቸውን አጠለቁ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው፣ «ሲያልቅ ግን እኔ አልመጣም። አንቺው ይዘሽልኝ ነይ። መቀርቀሪያውን ታውቂዋለሽ» አሉ።

* * *

በሳምንቱ ከሰዓት በኋላ ጭምት ከዚያ በር ፊት ለሦስተኛ ጊዜ ቆመች። የተከፈፈውን ፎቶ በጋዜጣ ጠቅልላ በሁለት እጇ አቅፋዋለች። ቆብ የለውም፣ ጠባሳዋ አለች፣ ትከሻው ላይ ትንሿ ጣቷ የጎበጠች እጅ አለች። ጋሽ አትነቃነቅ ክፈፉን በገዛ እጁ ሠርቶ፣ እስከ መንገዱ ጥግ ሸኝቷት፣ «እንግዲህ ከዚህ በኋላ የናንተ ጉዳይ ነው» ብሎ ዓይኑን እየጠረገ ተመልሷል።

ፎቶውን በአንድ ክንዷ አቀፈችና መቀርቀሪያውን ገፋችው። አልከፈት አለ። ያን ጊዜ ትዝ አላትና ወደ ላይ አነሳችው። በሩ ሲጥጥ ብሎ ተከፈተ።

ከበረንዳው በኩል ወንበር ሲገፋ ተሰማ፣ ቀጥሎም የዳይሬክተሯ ድምፅ መጣ።

«መጣችሁ?»

ፎቶውን ወደ ደረቷ አስጠግታ ደጃፉን አለፈች።

«መጣን» አለች።